ሳይፈርስ ልየው

…ቤት ሊያይ አይደለም የመጣው፣ ውሸቱን ነው፣ ቡና በሚለቀምበት ሰሞን ማሳውን ጥሎ፣ ያንን የሚያነክሰውን ጉልበቱን ይዞ፣ በማለዳ ከጪጩ ተነስቶ አሮጌ ቤት ሊያይ የሚመጣ ሰው የለም፣ ቦና ደግሞ መቼም ቤት አይቶ አያውቅም፣ እሱ የሚያየው እንሰት ነው፣ የቡና ጥላ ዛፍ ነው፣ ደመና ነው፣ ዲላ ሲመጣ እንኳ ቀና ብሎ ሕንፃ አያይም፣ ይላል ገሪማ በሆዱ፣ እጁ ግን የጆንያውን እስር መፍታት አላቋረጠም፣ ፊቱም ፈገግ እንዳለ ነው። ቦና ከሱቁ ደጃፍ ቆሟል። ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዟል። ሰፈሩ ልትፈርስ ነው አሉኝ ጋሼ፣ ሳይፈርስ ልየው ብዬ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለም። ሌላ ነገር የለም ይበል፣ ሌላ ነገር አለ ወይ ብሎ ማን ጠየቀው።

ጋሼ፣ የኔ ስልክ ባትሪዋ ሞቷል፣ ያንተን እስቲ፣ ለአንድ ሰው ልደውል። ይሰጠዋል። እጁ ከልቡ ቀድሞ ይሰጠዋል። ቦና ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ጆሮው ላይ ይለጥፈውና ለማንም ሳይናገር መልሶ ይከተዋል፣ ግን ወደ ራሱ ኪስ፣ ወደ ራሱ ኪስ ነው የከተተው። ደግሞ ቆየት ብሎ፣ የግፊት መድኃኒትህን ዋጥክ ወይ ጋሼ።

በቃ። አለቀ። ሰው ሞቷል።

ይህን ሥራ ከገሪማ በላይ የሚያውቅ ማን አለ፣ በአሮጌ ገበያ ሰፈር እድር መርዶ ነጋሪው ከጎልማሳነቱ ጀምሮ እሱ ነው፣ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ በጨለማ የሰው በር የሚያንኳኳው እሱ፣ የሟችን ስም የሚጠራው እሱ፣ ለሥራው ደግሞ ወግ አለው፣ መርዶ በቀን አይነገርም፣ በስልክ አይነገርም፣ ለብቻ አይነገርም፣ ከዋዜማው አንድ ዘመድ በሆነ ባልሆነ ሰበብ ይመጣና ከሰውዬው ጋር ይውላል፣ ማንም ደውሎ እንዳያፈነዳበት ስልኩን በዘዴ ይቀበለዋል፣ መድኃኒት ካለበት ያስወስደዋል፣ ማታ አጥግቦ ያበላዋል፣ ከዚያ በኋላ እህል አይወርድለትምና፣ አብሮት ያድራል፣ ጎረቤት ሌሊቱን ድምፁን አጥፍቶ ይሰበሰባል፣ ሊነጋጋ ሲል በሩ ይንኳኳል። ለቦና ይህን ያስተማረው ራሱ ነው። አክስታቸው የሞቱ ጊዜ ፀጋን ለማርዳት ዋዜማውን አብሮ የዋለው ይኸው ቦና ነበር፣ ያን ጊዜም ሰበብ ጠፍቶበት የቆርቆሮ ዋጋ ልጠይቅ ነው የመጣሁት ብሎ ቀኑን ሙሉ የቆርቆሮ ነገር ሲያወራ ዋለ፣ የቆርቆሮ ቤት የሌለው ሰው። ፀጋ በኋላ ስታስታውሰው በለቅሶዋ መሀል ትስቅ ነበር። ፀጋ ምስኪኗ፣ የገሪማ ሚስት፣ የቦና ታላቅ እህት፣ እሷስ አረፈች፣ እሷን አንዴ ቀብሯታል፣ ሁለተኛ ማንም ስለ እሷ ሊያረዳው አይመጣም። ታዲያ ቦና የሚያረዳው ማንን ነው።

የቀሩት ሁለት ናቸው። ሉሲና አማኑ።

ሉሲ፣ ወርቃ ከተማ ያለው ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ላይ ጥራት የምትቆጣጠረዋ፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ የገባው፣ አባዬ እግሬ አብጦ ቦቲው እንቢ አለኝ ያለችው፣ መቼ ነው ያለችው፣ ባለፈው እሁድ። አማኑ የሞያሌ መንገድ ሾፌሩ፣ ከእናቱ ለቅሶ ወዲህ ድምፁን ያልሰማው፣ ድንኳኑ ውስጥ ሰክሮ ገብቶ አንድ ሽማግሌ ላይ የወደቀው፣ ገሪማም በሰው ፊት ከዚህ ውጣ ብሎ ያስወጣው። አንዷ ሐኪም ቤት የራቃት፣ አንዱ መንገድ ላይ የሚያድር። ከሁለቱ አንዱ። ቦናን ቢይዘውና ማነው ቢለው፣ ወጉን ያውቃልና አይነግረውም፣ ቢነግረውስ፣ አይ፣ አይንገረው፣ ለምን ይነግረዋል፣ ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው፣ እስከ ነገ ንጋት አንድ ሰው አፉን አይከፍትም፣ እስከ ነገ ንጋት ገሪማ ሁለቱም ልጆች አሉት። ጆንያዎቹን ወደ ውስጥ ይጥልና የሱቁን በር ይገጥማል። ና እንግዲህ ቦና፣ ልታይ አይደል የመጣኸው፣ አሳይሃለሁ፣ አንዲት ግድግዳ አትቀርህም።

ይሄዳሉ። ገሪማ ከፊት፣ ቦና እያነከሰ ከኋላ። ግድግዳው ሁሉ ላይ በቀይ ቀለም ይነሳ ተብሎ ተጽፏል፣ በጭቃው ላይ፣ በእንጨት መስኮቱ ላይ፣ አንዱ ቤት ላይማ በሩ ተከፍቶ ስለነበር ጽሑፉ ግማሹ በሩ ላይ ግማሹ ግድግዳው ላይ ቀርቷል። ይኸውልህ ይህ የዳቦ ቤቱ ነው፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወርድ ሾፌር ሁሉ ሌሊት እዚህ ቆሞ ትኩስ ዳቦ ይገዛ ነበር። ሾፌር። ለምን ሾፌር አልኩ። ይህ ደግሞ የልብስ ሰፊው፣ ይህ የሰዓት ጠጋኙ፣ ይህ የጨው ተራ፣ እዚህ ጋ ጉድጓድ ነበር፣ አሁን ተደፍኗል፣ ና ወደዚህ። ቦና እሺ ጋሼ ይላል፣ ጥሩ ነው ጋሼ ይላል፣ ቤቱን አያይም፣ የገሪማን ፊት ነው የሚያየው፣ ገሪማ ዞር ሲል ደግሞ ዓይኑን መሬት ይተክላል፣ አይ ቦና፣ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርክም። ባጃጅ ጥሩምባውን እያጮኸ በመሀላቸው ያልፋል፣ ውስጡ አንዲት እርጉዝ ሴት ተቀምጣለች፣ አይደለችም፣ ዕቃ ነው የታቀፈችው።

የአረቡ ፎቅ ጋ ይደርሳሉ። ሰፈሩ ውስጥ ደረጃ ያለው አሮጌ ቤት ይኸው ብቻ ነው፣ የየመን ነጋዴ በእንጨት ያሠራው፣ ሰገነቱ ወደ መንገዱ የወጣ፣ ጣሪያው ዝጎ ቡና የመሰለ። ግባ ውጣ፣ ከላይ ሰፈሩ በሙሉ ይታያል። ደረጃው ይንጣጣል። ሉሲ ልጅ ሆና እዚህ ሰገነት ላይ ቆማ ሱቁ ድረስ አባዬ እያለች ትጣራ ነበር፣ ድምፅዋ ቀጭን፣ መንገደኛው ሁሉ ቀና ብሎ ይስቅ ነበር፣ ሉሲ ትምህርቷን ስትጨርስ፣ ሉሲ የመጀመሪያ ደሞዟን፣ ሉሲ እናቷን በታመመች ጊዜ እያገላበጠች፣ አባዬ አንተ ተኛ እኔ አለሁ፣ አለሁ ያለችው ልጅ እንዴት፣ አይሆንም፣ እሷማ አይሆንም፣ ከሆነስ፣ መቼም መሆኑ ካልቀረ፣ አማኑ ይሁን።

ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንድ እግሩ ላይኛው ደረጃ ላይ ነው። ምን አልኩ። ማነው ያለው። ግራና ቀኝ ያያል፣ ሰው ሰምቶት እንደሁ፣ ከኋላው ቦና የደረጃውን መደገፊያ እንጨት ይዞ እያለከለከ ነው። ደከመህ ወይ ጋሼ። አልደከመኝም። አማትቦ ይወጣል፣ ከሰገነቱ ላይ እጁን ዘርግቶ መስጊዱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የፈረሰውን፣ ያልፈረሰውን ያሳያል፣ አፉ ይናገራል፣ ሆዱ ውስጥ ግን አንድ ነገር ገብቶ ተቀምጧል፣ ሊያስወጣው ቢታገል አይወጣም። ራሱን ይጠላል። እንዲህ ራሱን ጠልቶ አያውቅም።

እንዲካስለት ነው መሰል ቀጥሎ የወሰደው ወደ ቡና መጋዘኑ ነው፣ ባዶ ነው አሁን፣ ሴቶቹ እግራቸውን ዘርግተው ቡና ይለቅሙበት የነበረው ወለል ተሰነጣጥቋል፣ የጀንፈሉ፣ የደረቀው ያልተፈለፈለ ቡና ሽታ ግን አልወጣም። እዚህ ነው አማኑ የጠፋው፣ ታስታውሳለህ ቦና፣ አታስታውስም፣ ትንሽ ልጅ ሆኖ፣ ሰፈሩ ተተራመሰ፣ ወንዝ ገባ ተባለ፣ ፀጋ ደረቷን ደቃች፣ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ፣ እኛ ወንዙን ስናስስ እሱ ለካ እዚህ ጆንያ ቁልል ላይ ወጥቶ ተኝቷል፣ ሲቀሰቅሱት የጆንያው ፈትል ጉንጩ ላይ ታትሞ፣ ምራቁ ወርዶ፣ አባዬ መሸ እንዴ አለኝ። ተሸክሜው ወጣሁ። ሰዉ እልል አለ። ተሸክሜው ስወጣ ክብደቱ፣ ያ ክብደቱ… ገሪማ ይህን እያወራ በስርቆት ቦናን ያያል፣ አማኑ ሲባል ፊቱ ይለዋወጥ እንደሆነ፣ ቦና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቀዩን ጽሑፍ እንደማያነብ ሰው ያነባል፣ ግን ቅድም ሉሲ ሲባልም እንዲሁ ነበር የዞረው። ምንም አይገኝበትም ከዚህ ሰው። ልጆቹ ደውለውልሃል ወይ ሰሞኑን ይለዋል፣ እንደ ዋዛ። ደህና ነች ጋሼ፣ ደህና ናቸው፣ ሁሉም ደህና ነው። ቦና አማርኛ ሲናገር ወንዱንም ሴቱንም እንዳመጣለት ነው፣ ሚስቱን እሱ፣ በሬውን እሷ ይላል፣ ዕድሜ ልኩን ገሪማ ስቆበታል፣ ዛሬ ግን በዚሁ የተነሳ ከአፉ አንዲት ፍንጭ ሳይለቅም ቀረ።

ሶፍያ ምግብ ቤት ቆጮ በጎመን ይቀርባል። ሶፍያ ገሪማ በገባ ቁጥር ሚስት ካላገባህ አላበላህም ብላ የምታሾፍበት ሴት ነች፣ ለእሱ ያላጨችለት የዲላ ሴት የለም። ዛሬ ሳህኑን አስቀምጣ፣ ይብሉ ጋሽ ገሪማ አለችው። ይብሉ። አንቱ አለችኝ። ሶፊ፣ ማንን አጨሽልኝ ዛሬ። ኧረ እንጃ፣ ትልና ትገባለች። አወቀች፣ ሁሉም አውቀዋል፣ ከዲላ ሰው ሁሉ የማላውቅ እኔ ነኝ። ብላ እንጂ ጋሼ፣ ቦና ጎመኑን ወደ እሱ ይገፋል፣ ጠቅልሎ በእጁ ያጎርሰዋል፣ በአላህ ብሉ ትላለች ሶፍያ ከውስጥ ሆና። ገሪማ የጎረሰውን በአፉ ይዞ ያስባል፣ ካልበላሁስ፣ ሳይበላ ሰው አያረዱም፣ አንጀቱ ባዶ ሆኖ ይወድቅብናል ይላሉ፣ እሱ ራሱ ስንቱን መርዶ ሰውዬው እራት አልበላም ተብሎ አሳድሯል፣ እንግዲያው አልበላም፣ ዛሬም ነገም አልበላም፣ ረሃብ አይገድለኝም፣ እነሱ ቆመው ይጠብቁ። ጉርሻውን ወደ መዳፉ ይመልስና ከጠረጴዛው ሥር ለድመቷ ይጥላል። ተነስ ቦና፣ ገና ግማሹን አላየህም።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይከብዳል። ሰፈሩም ይለወጣል፣ ጠዋት ባዶ የነበረው መንገድ ሰው ሰው ይላል። ከዚህ ተነስተው ከተማው ዳር አዲሱ መንደር የገቡት ሰዎች አንድ በአንድ ይመጣሉ፣ ፈለቀ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ብቅ ይላል፣ መጋዝ ረስቼ ነው ጋሽ ገሪማ፣ መጋዝ፣ ቤቱ ከፈረሰ ስንት ጊዜው፣ ከድንጋይ ክምር ሥር ነው መጋዙ ያለው። ሰይድ ፀጉር አስተካካዩ ይመጣል፣ መስተዋቴን ልወስድ ብዬ። አንዷ የመፍጫዋን ድንጋይ፣ አንዱ የበሩን ማጠፊያ። ሰላም ይሉታል፣ እጁን ሁለት ጊዜ ይጨብጣሉ፣ ትከሻውን ሳም ሳም ያደርጋሉ፣ ከዚያ ግድግዳ ተጠግተው ይቆማሉ፣ የረሱትን ዕቃ የሚፈልግ አንድም የለም። የእድሩ ዕቃ ቤት ተከፍቶ ድንኳኑ ውጭ ተዘርግቷል። ሊታጠብ ነው ይላሉ። በዚህ ዝናብ። ገሪማ ከት ብሎ ይስቃል፣ ሳቁ ለራሱም ያስፈራዋል፣ እነዚህን ሰዎች ይወዳቸዋል፣ ሰፈሩን ይነሳ ብለው በቀይ ጻፉበት፣ ሰዉን እንደ ዶሮ በየአቅጣጫው በተኑት፣ ይኸው ለእሱ ሲል እያነከሰ እየዋሸ ተሰበሰበ፣ እሱ ደግሞ እንዳይሰበሰቡ ይጸልያል፣ አትምጡ፣ ሂዱልኝ፣ ሁላችሁም ሂዱልኝ።

ዝናቡ ይጥላል። ጥግ ይዘው ይቆማሉ፣ ደግሞ ያባራል፣ ደግሞ ይሄዳሉ። ሲመሽ የፈረሰው ወገን ላይ ደርሰዋል። ይሄ ምን ነበር ጋሼ ይላል ቦና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ እየጠየቀ፣ ደክሞት ነው መሰል። ከወለሉ በቀር የቀረ ነገር የለም፣ ቀይ ሲሚንቶ፣ ጥጉ የተሰበረ። ይሄማ የኛ ነው፣ እኔና እህትህ የተከራየነው የመጀመሪያ ክፍል፣ አልጋው እዚያ ነበር፣ ሁለቱም እዚህ ነው የተወለዱት፣ አማኑ በቀን፣ ሉሲ በሌሊት፣ አዋላጇ ሉሲን አምጥታ ስታሳየኝ… ወለሉ ላይ ወጥቶ ይቆማል፣ ጫማው ሥር ውሃ አቁሯል፣ እዚህ ቆሜ እንኳ እውነቱን ልናገር፣ ለማን ነው የምዋሽ፣ ቀኑን ሙሉ እየጸለይኩ ነው፣ በየቤቱ ጥግ፣ በየደረጃው እጸልያለሁ፣ ጸሎቴም አንድ ነው። አማኑ ይሁን። አንተ መድኃኔዓለም ሉሲን ተውልኝ፣ እሱን ውሰድ። ተባለ። አሁን ሙሉውን አልኩት።

ሊመልሰው ይሞክራል። ሚዛኑን ላስተካክል ብሎ የእሷንም ሊል አፉን ይከፍታል፣ ሉሲ ትሁን ሊል፣ ሉሲ ት… አይወጣም፣ ምላሱ ድንጋይ ይሆናል፣ ይሞክራል፣ ደግሞ ይሞክራል፣ የአማኑን ቀልጠፍ ብሎ ያወጣ ምላስ የሉሲን አላወጣም አለ። እኔ ልሁን ይላል፣ ግን ይህን ማንም አባት ይላል፣ ይህ ምንም ዋጋ የለውም፣ እሱን ማን ጠየቀው። ልጁ ምን አደረገው። ሰከረ፣ እናቱ ሞታበት ሰከረ፣ ሌላው በእንባ የሚያወጣውን እሱ በመጠጥ አወጣው፣ አባት ተብዬው በሰው ፊት አባረረው፣ ሲወጣ ዞር ብሎ አየው፣ የጠፋ ጊዜ ከጆንያው ላይ ሲነቃ ያየው በዚያው ዓይን። ስንቴ ስልኩን አንስቶ ስንቴ አስቀመጠ። ይደውል እንጂ፣ ልጅ እሱ ነው ወይስ እኔ፣ እያለ። አሁን ደውል ቢሉት ይደውላል፣ ስልኩ ግን ቦና ኪስ ውስጥ ነው፣ ቢጠራና ባይነሳስ፣ ሉሲ ጋ ቢደውልና ባይነሳስ። አይደውልም።

መብራት የለም፣ ሰፈሩ ከፊሉ ተቆርጧል። ገሪማ በባትሪ እያበራ መራመዱን ይቀጥላል፣ እዚህ ሥጋ ቤት ነበር፣ እዚህ ጠጅ ቤት፣ የሌሉትን ቤቶች ሁሉ ያሳያል፣ በጨለማ በጭቃ ውስጥ እያንዳንዳቸውን በስማቸው ይጠራል፣ ከኋላው የቦና እግር አንዴ ይረግጣል አንዴ ይጎተታል። ጋሼ፣ በቃኝ፣ አየሁ። አላየህም። አየሁ ጋሼ፣ እሷ ሁሉ ቆንጆ ነው፣ እንግባ በቃ። አላየህም አልኩህ። የሚጎተተው እግር ይቆማል። ገሪማ ባትሪውን ሲያዞር ቦና ፍርስራሹ ላይ ተቀምጧል፣ ጉልበቱን በሁለት እጁ አቅፎ ዓይኑን ጨፍኖ በጌዴኦኛ ይጸልያል፣ ብርሃኑ ሲያርፍበት ጸሎቱን አቋርጦ ፈገግ ሊል ይሞክራል፣ ትንሽ ደከመኝ ነው ጋሼ፣ ምንም አይደል። ገሪማ ያንን ፈገግታ ያውቀዋል። ስንት ሌሊት ፊቱ ላይ ለጥፎት አድሯል፣ ሰው ቤት ተቀምጦ፣ የሰው እራት እየበላ፣ ሞቶባችኋል የሚለውን ቃል ጉንጩ ውስጥ ይዞ፣ የሚያስቅ ሲያወሩ እየሳቀ። ከሚረዳው ይልቅ የሚያረዳው ነው ሌሊቱ የሚረዝምበት። ቦና የእሱን ሬሳ ከጪጩ ጀምሮ ተሸክሞ ነው የዋለው፣ አሁን ወደቀ። እጁን ይሰጠዋል። ና ተነስ፣ እንግባ፣ እራት እንብላ።

ቤቱ ገብተው ገሪማ ይበላል። ቦና እንጀራውን እየቆረሰ ያቀርብለታል፣ ገሪማ ቀና ብሎ አያይም፣ ይጎርሳል ይውጣል፣ ይጎርሳል ይውጣል፣ ጣዕሙ ጭቃ ነው። አሁን መበላቱ ለሶፍያ ይደርሳታል፣ ከሶፍያ ለፈለቀ፣ በላ፣ በልቷል፣ ይባባላሉ፣ እያንዳንዷ ጉርሻ ያንን ሰዓት ታቀርበዋለች፣ እኔ ነኝ የማቀርበው፣ እየበላሁ ነው የምገድለው፣ ማንን። ሁለቱ አብረው ይጋደማሉ። የቦና ትንፋሽ የእንቅልፍ አይደለም፣ የገሪማም አይደለም፣ እንደ ሁለት ሌባ እርስ በእርስ እየተጠባበቁ ጨለማው ላይ አፍጥጠዋል። በግድግዳው ማዶ እግር፣ ሹክሹክታ፣ አግዳሚ ወንበር ሲሳብ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ሳል ታፍኖ። ከሳሎቹ መሀል የሴት ሳል፣ ያወቀው ይመስለዋል፣ ጆሮውን ያቆማል፣ አይደገምም።

በሩ ይንኳኳል።

ግቡ ይላል ገሪማ፣ ቦና ሳይነሳ። ተነስቶ ጋቢውን ተከናንቦ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ይገባሉ፣ ፈለቀ፣ ሰይድ፣ ሶፍያ በሻሿ አፏን ይዛ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ከኋላ ሌሎችም፣ ክፍሏ እስትንፋስ ብቻ ትሆናለች። ይቆማሉ። እርስ በእርስ ይተያያሉ።  ገሪማ ይገባዋል፣ ይህን ነገር ያለ እሱ አድርገውት አያውቁም፣ ስሙን የሚጠራው ሰው ዛሬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ፈለቀ ይጀምራል፣ ጋሽ ገሪማ፣ እንግዲህ የሰው ልጅ፣ መቼም እኛ ሁላችን፣ ይልና ይሰበራል፣ ወደ ሰይድ ያያል፣ ሰይድ ወደ መሬት።  እንደሱ አይደለም ፈለቀ፣ ይላል፣ ድምፁ የሥራ ድምፅ ነው፣ ፊት ለፊቴ ቁም፣ ቅረብ፣ ሰይድ አንተ ከኋላዬ ሆነህ ትከሻዬን ያዝ፣ ሶፊ ውሃውን አቅርቢ፣ ያንን ጠርሙስ እንዳልወድቅበት ከዚህ አንሱት፣ ነገር አታዙርብኝ ፈለቀ፣ ማዞሩ ነው ሰው የሚገድለው፣ ስሙን ብቻ ጥራ። ስሙን ጥራልኝ።

አማኑ ነው ጋሽ ገሪማ። መኪናው ከሀገረ ማርያም ወዲህ ገደል ገባ። አማኑ ነው።

ይሰማዋል። ቃሉ ጆሮው ውስጥ ይገባል፣ እዚያው ይቆማል፣ ወደ ታች አይወርድም። ከታች የሚወጣው ሌላ ነው፣ ሊያቆመው አይችልም፣ ከአፉ ይወጣል፣ ሁሉም ይሰሙታል።

ሉሲስ፣ ሉሲ ደህና ናት?

 ከዚያ ከደጅ፣ ከሰዉ ኋላ፣ አለሁ አባዬ። ሰዉ መንገድ ይለቃል። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ፊቷ ከማልቀስ ብዛት አብጦ፣ ሆዷ ፊቷን ቀድሟት ትገባለች፣ ሶፍያ ቤት ደብቀዋት ነው ያደረችው። ወንድሜን አባዬ፣ አማኑን፣ አማኑን እኮ ነው፣ ብላ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ይይዛታል፣ ሴቶቹ ያንን ሲያዩ ጩኸቱን ይለቁታል፣ ቦና ግድግዳውን ተደግፎ እህ እህ እያለ እንደ ልጅ ያለቅሳል፣ ደጅ የፈለቀ ጥሩምባ በሌላ ሰው አፍ ይነፋል። ገሪማ ልጁን ጨብጧል። ግንባሯን ይዳስሳል፣ ክንዷን፣ ትከሻዋን፣ ሙቅ ነች፣ ሆዷ ጉልበቱን ነክቶታል፣ እሱም ሙቅ ነው፣ አለች፣ ሁለቱም አሉ። ደስ ይለዋል። በሰውነቱ ሁሉ ደስ ይለዋል፣ እንዲህ ያለ ደስታ ከስንት ዓመት ወዲህ አላገኘውም፣ ልጁ ሞቶ ደስ አለው።

እንባ ይፈልጋል። ለቅሶው መሀል ተቀምጦ፣ ለስንቱ ሰው ሲያለቅስ የኖረ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ልጁን ይፈልገዋል፣ ስሙን ደጋግሞ ይጠራዋል በሆዱ፣ አማኑ፣ አማኑ፣ ልጁ አይመጣም፣ ደስታው በሩን ይዞ አያስገባውም። አይዞህ ጋሽ ገሪማ፣ አውጣው፣ አልቅስ ይሉታል፣ ትከሻውን የያዘው የሰይድ እጅ ይጨመድደዋል። ሉሲን ቀስ ብሎ ከላዩ ያነሳታል። ይነሳል።

ዝም በሉ፣ ይላል። ዝም በሉ እስቲ። ውጡ። ሁላችሁም ውጡና እንደገና ግቡ። ሉሲ አንቺም ውጪ፣ እንዳላይሽ፣ እዚያ ሶፊ ቤት ሂጂ። ምን አለ ትላለች ሉሲ፣ ምን አለ አባዬ። በሩን ዝጉትና አንኳኩት፣ እኔ ግቡ እላለሁ፣ ፈለቀ ፊት ለፊቴ ትቆማለህ፣ እንደ ቅድሙ፣ ስሙን ብቻ ትጠራለህ፣ እኔ እኮ የሉሲን መኖር ነው የሰማሁት፣ የእሱን ሞት አልሰማሁም፣ በመድኃኔዓለም፣ እንደገና ንገሩኝ፣ ልጄ ሞቷል በሉኝ።